ከክብደት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና በፊት፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ባለፉት 12 ዓመታት በሜሪላንድ በክብደት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና ክፍል በነርስነት ሠርቻለሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ስሊቭ የሚባለው ቀዶ ሕክምና ለእኔ ለራሴ ተደርጎልኛል። ስለዚህ ነገሩን አልጋው አጠገብ ቆሜም፣ አልጋው ላይ ተኝቼም አውቀዋለሁ። ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁት ስለ ቀዶ ሕክምናው ቀን ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ የሚከብደው ዝግጅት ከዚያ ቀን በኋላ ለሚቀርበው ማዕድ የሚደረገው ነው ብዬ ስለማምን፣ መልሶቼ ወደዚያ ቢያዘነብሉ አትታዘቡኝ። መድኃኒት ማቆምንና መጠን መለወጥን ግን ከሐኪማችሁ ጋር እንድትወስኑ አደራ እላለሁ።

ጥያቄ፦ ቁመቴ 1 ሜትር ከ62፣ ክብደቴ 104 ኪሎ ነው። ስኳርና ደም ግፊት አለብኝ። ለቀዶ ሕክምናው ብቁ ነኝ?

መልስ፦ 104ን ለ1.62 ያካፍሉ፤ የተገኘውን እንደገና ለ1.62 ሲያካፍሉት 39.6 ገደማ ይመጣል፤ ቢኤምአይ የሚባለው ይህ ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በአሜሪካ በወጣው መመሪያ መሠረት ቀዶ ሕክምናው የሚፈቀደው ቢኤምአዩ 40 ለደረሰ፣ ወይም 35 ደርሶ እንደ ስኳር ያለ ተጓዳኝ በሽታ ላለበት ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 የሙያ ማኅበራቱ መመሪያውን አሻሽለው፣ 35 የደረሰ ሰው ተጓዳኝ በሽታ ባይኖርበትም ሊታሰብለት እንደሚገባ፣ ከ30 እስከ 35 ያለውም ስኳር ካለበት ሊመከርበት እንደሚችል አስታውቀዋል። እርስዎ በሁለቱም መመዘኛ ይገባሉ። ሆኖም ብዙ ኢንሹራንሶች አሁንም በአሮጌው መመዘኛ ስለሚሠሩና አንዳንዶቹም ለወራት የዘለቀ የሥነ ምግብ ክትትል በጽሑፍ ስለሚጠይቁ፣ ከሁሉ አስቀድመው ደውለው ምን ምን እንደሚፈልጉ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ስሊቭ ይሻላል ወይስ ባይፓስ? ለዓመታት ቃር ያስቸግረኛል።

መልስ፦ በስሊቭ ከጨጓራው ከ75 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ተቆርጦ ይወጣል፤ የወጣው ደግሞ አይመለስም። በባይፓስ ግን ከጨጓራው አናት የግማሽ የቡና ሲኒ ያህል ብቻ የምትይዝ ትንሽ ከረጢት ትለይና ከትንሹ አንጀት ጋር ትገናኛለች። ስሊቭ ቃርን ሊያባብስ ይችላል፤ ባይፓስ አብዛኛውን ጊዜ ያስታግሰዋል። በስኳር በኩልም የባይፓስ ውጤት የበረታ ነው። በሌላ በኩል ባይፓስ የተደረገለት ሰው እንደ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉትን ማስታገሻዎች መራቅ አለበት፤ መገናኛው ላይ ቁስል ያስከትላሉና። ስለ ቃርዎ ሐኪሙ ሳይጠይቅዎ እርስዎ ይንገሩት።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ምርመራው በዛባት። ደም፣ የጨጓራ ምርመራ፣ የእንቅልፍ ምርመራ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ። ይህ ሁሉ በእርግጥ ያስፈልጋል?

መልስ፦ ያስፈልጋል፤ ከሁሉ ይልቅ ግን ሁለቱን ቸል እንዳትል። የመጀመሪያው የጨጓራ ባክቴሪያ ማለትም ኤች ፓይሎሪ ነው። ከአገር ቤት የመጣን ሰዎች አብዛኞቻችን «ጨጓራ አለብኝ» ብለን ኦሜፕራዞል እየዋጥን ዓመታት እናሳልፋለን፤ ባክቴሪያው ግን በዚያ አይጠፋም፤ በአንቲባዮቲክ መታከም አለበት። በትንፋሽ ወይም በሰገራ ሲመረመር ደግሞ ኦሜፕራዞሉን ከ2 ሳምንት፣ አንቲባዮቲክን ከ4 ሳምንት በፊት ካላቆመች ውጤቱ ባክቴሪያው እያለ «የለም» ሊል ይችላል። ሁለተኛው እንቅልፍ ነው። ሌሊት የምታንኮራፋና በመሐሉ ትንፋሿ ቆም የሚል ከሆነ ከእርሷ ይልቅ እርስዎ ያውቁታልና ቀጠሮው ላይ አብረዋት ገብተው ይናገሩ። ይህ ችግር ሳይታወቅ ማደንዘዣ መስጠት አደገኛ ነው፤ ከታወቀ ግን በእንቅልፍ ጊዜ ትንፋሽን በሚያግዝ ማሽን ይታገዛል። የሥነ ልቦና ባለሙያው ሥራ ጥፋት ፈልጎ መከልከል አይደለም፤ ከሐዘን ወይም ከጭንቀት የተነሳ ለመጣ አበላል አስቀድሞ መላ ለመፈለግ ነው። የምታጨስ ከሆነ ቢያንስ ከ6 ሳምንት በፊት ማቆም አለባት።

ጥያቄ፦ ከቀዶ ሕክምናው በፊት የ2 ሳምንት ምግብ ተሰጠኝ፤ በጣም ጥቂት ነው። ለቅጣት ካልሆነ ምን ይጠቅማል?

መልስ፦ የሚጠቅመው ለጉበትዎ ነው። ክብደት በበዛበት ሰው ጉበቱ ስብ ቋጥሮ ያብጥና ጨጓራውን ይሸፍነዋል፤ ሐኪሙ በትንንሽ ቀዳዳዎች ገብቶ ሲሠራ ጉበቱን ወደ ላይ ማንሳት ስላለበት፣ ያበጠ ጉበት ሥራውን ያከብድበታል፤ ይደማልም። በቀን ከ800 እስከ 1200 ካሎሪ በሚሰጠው፣ ስኳርና ስታርች በቀነሰበት ምግብ ጉበቱ በ2 ሳምንት ውስጥ ይሟሽሻል። ኢንሱሊን ወይም የስኳር ክኒን የሚወስድ ሰው ግን መድኃኒቱ ሳይስተካከል ይህን ምግብ ከጀመረ ስኳሩ ወርዶ ሊወድቅ ይችላልና ከመጀመሩ በፊት ይደውል። አንድ ነገር ልለምንዎ፦ ከመጀመርዎ በፊት ባለው ሳምንት ክትፎውንም ክሬም ኬኩንም «ለመጨረሻ ጊዜ» እያሉ አይሰናበቱ። ብዙ ታማሚዎች በዚያ ሳምንት የጨመሩትን ለመቀነስ ሁለቱን ሳምንት ሲጨርሱ አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ ጾም አልፈታም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብም አለ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ መጾም እችላለሁ?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ከቀዶ ሕክምናው በፊት በመጠየቅዎ ደስ ብሎኛል፤ ምክንያቱም ብዙዎች ትዝ የሚላቸው ጾሙ ሲገባ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሰውነትዎ በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን ይፈልጋል፤ በአንድ ጊዜ ሊበሉ የሚችሉት ግን ጥቂት ማንኪያ ብቻ ነው። በዚያች ጥቂት ማንኪያ ውስጥ እንቁላል፣ እርጎ፣ ዓሣና ዶሮ ከሌሉ 60 ግራም መሙላት እጅግ ከባድ ነው። ሳይሞላ ሲቀር ጡንቻ ይሟሽሻል፤ ቁስል ቶሎ አይድንም፤ ፀጉርም ይበልጥ ይረግፋል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳይቀምሱ መዋልም እንዲሁ ነው፤ ትንሹ ጨጓራ ያመለጠውን ውኃ ማታ በአንድ ጊዜ ሊቀበል አይችልም።

ስለዚህ የቀዶ ሕክምናውን ቀን ከመቁረጥዎ በፊት የንስሐ አባትዎን ያነጋግሩ። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ሥርዓት አላት፤ እኔም የንስሐ አባቴን ሳማክር ያሰብኩትን ያህል አልተቸገርኩም። ከተቻለ ቀኑን ከፋሲካ ቀጥሎ ማድረግም ይረዳል፤ በዚያ በኃምሳው ቀን ረቡዕና ዓርብ እንኳ ስለማይጾም ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፋታ ያገኛሉ። ከዓመት በኋላ፣ የደም ምርመራዎ ጥሩ ሆኖ ሐኪሙ ሲፈቅድ፣ ወደ ጾሙ ሲመለሱ ደግሞ በቀጭን ሽሮ ብቻ አይተማመኑ። አንድ ኩባያ የተቀቀለ ምስር 18 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፤ ቶፉና ከአኩሪ አተር ወይም ከአተር የተሠራ የፕሮቲን ዱቄትም የጾም ናቸው። ቫይታሚን ቢ12 የሚገኘው ከእንስሳት ምግብ በመሆኑ የሚጾም ሰው ክኒኑን ወይም መርፌውን አንድም ጊዜ መዝለል የለበትም። ሙስሊም ወገኖቼም ስለ ረመዳን እንዲሁ ከሐኪምና ከሃይማኖት አባት ጋር አስቀድመው ይምከሩ፤ በመጀመሪያው ዓመት ቀኑን ሙሉ ያለ ውኃ መዋል አብዛኛውን ጊዜ አይመከርም።

ጥያቄ፦ ቤተሰቦቼ አያውቁም፤ መንገርም አልፈልግም። ተደብቆ ማድረግ ይቻላል?

መልስ፦ ለሁሉ መንገር ግዴታ የለብዎትም፤ አብሮዎት ለሚበላ አንድ ሰው ግን ይንገሩ። እኔ ለእናቴ ብቻ ነግሬ ነበር። ከቀዶ ሕክምናው ሁለት ወር ያህል በኋላ ገና ደረሰ። አክስቴ ከዶሮ ወጡ ድፍን ጉርሻ ጠቅልላ «በሞቴ!» ስትለኝ ማሳፈር ከብዶኝ ተቀበልኩ። እንጀራው ደረቴ ላይ ድርቅ ብሎ ቀረ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ አርባ ደቂቃ ያህል አረፋ የመሰለ ምራቅ ስተፋ ቆየሁ፤ እናቴም በሩ ላይ ቆማ «ሆዷን ቁርጠት ይዟት ነው» እያለች እንግዳ ትመልስ ነበር። በማግስቱ የሲኒ ማስቀመጫ ሰሃን አወጣችና «ከእንግዲህ ይህ ያንቺ ነው፤ ማንም እንዳይነካው» አለችኝ። ዛሬም የምበላው በዚያችው ሰሃን ነው። አክስቴም ነገሩን ስትሰማ አልተቆጣችም፤ ከዚያ ወዲህ የምታጎርሰኝ የጣት ጫፍ የምታህል ነው።

ስለዚህ ከቀዶ ሕክምናው ሁለት ወር በፊት ጀምረው ይለማመዱ። በትንሽ ሰሃን ይብሉ፤ እያንዳንዱን ጉርሻ እስኪልም ያላምጡ፤ ለአንድ ማዕድ ቢያንስ 20 ደቂቃ ይስጡ፤ ከበሉ በኋላ 30 ደቂቃ ሳያልፍ አይጠጡ። ከቤተሰብ ጋር በአንድ ትሪ ሲበሉ ምን ያህል እንደበሉ አይታወቅዎትም፤ በራስዎ ሰሃን ወጣ አድርጎ መብላትን ዛሬውኑ ይጀምሩ፤ ያን ጊዜ አዲስ ነገር ሆኖ ጥያቄ አያስነሳም። ለ«በሞቴ» የሚሆን መልስም አስቀድመው ያዘጋጁ፤ «ሐኪም ከልክሎኛል» የሚለውን ሰው ሁሉ ያከብራል።

ጥያቄ፦ ቡናስ?

መልስ፦ በቀን ሦስት ሲኒ የሚጠጣ ሰው በአንድ ቀን ካቆመ ራሱን ይፈልጠዋል። ከ2 ሳምንት በፊት ጀምረው ቀስ በቀስ ይቀንሱ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሐኪምዎ ሲፈቅድ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከወር በኋላ፣ ያለ ስኳር ይመለሱበታል።

ጥያቄ፦ ቪታሚኑ እስከ መቼ ነው?

መልስ፦ ዕድሜ ልክ። መልቲቪታሚን፣ ቢ12፣ ብረት፣ ቫይታሚን ዲ፣ እንዲሁም በቀን ከ1200 እስከ 1500 ሚሊግራም ካልሲየም። ካልሲየሙንና ብረቱን በሁለት ሰዓት አራርቀው ይውሰዱ፤ አንዱ ሌላውን እንዳይዋሃድ ያግደዋል።

ጥያቄ፦ ልጅ መውለድ እፈልጋለሁ። ክብደቴ ስለከለከለኝ ነው ቀዶ ሕክምናውን ያሰብኩት።

መልስ፦ እህቴ፣ ክብደቱ ሲቀንስ እንቁላል ማምረቱ ከታሰበው በፊት ሊመለስ ይችላል፤ ሆኖም ከ12 እስከ 18 ወር መታገስ ይመከራል፤ ሰውነት በፍጥነት በሚከሳበት ወቅት ጽንሱ የሚያስፈልገውን አያገኝምና። ስለዚህ የወሊድ መከላከያ ያስፈልግሻል። ኢስትሮጅን ያለበት ክኒን ደም የመርጋትን አደጋ ስለሚጨምር ብዙ ጊዜ ከቀዶ ሕክምናው አንድ ወር ቀደም ብሎ ይቆማል፤ ከባይፓስ በኋላ ደግሞ ክኒን እንደ ልብ ላይሠራ ይችላል። በክንድ የሚቀበረው ወይም በማሕፀን የሚቀመጠው ይሻላል፤ ይህንንም ቀኑ ከመድረሱ በፊት ጨርሺው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነው ያለሁት፤ ዋጋው ስለሚቀንስ ቱርክ ሄጄ ልሠራው አስቤያለሁ።

መልስ፦ እዚያም ጎበዝ ሐኪሞች አሉ፤ የሚያሳስበኝ ከተመለሱ በኋላ ያለው ነው። የተሰፋው ቦታ ቢያፈስ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው በመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት ነው፤ ያን ጊዜ እርስዎ ቤትዎ ገብተዋል። የልብ ምትዎ ያለ ምክንያት ቢፈጥን፣ ትኩሳት ወይም እየባሰ የሚሄድ የሆድ ወይም የግራ ትከሻ ሕመም ቢሰማዎ፣ ነገ ሳይሉ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ስለዚህ ከመሄድዎ በፊት በ3፣ በ6 እና በ12 ወር፣ ከዚያም በየዓመቱ ደምዎን መርምሮ የሚከታተልዎ ሐኪም አዲስ አበባ ላይ ይፈልጉ፤ ካላገኙ ቲኬቱን አይቁረጡ። ሲመለሱ የቀዶ ሕክምናውን ሙሉ ሪፖርት በወረቀት ይዘው ይምጡ። ረጅም በረራ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ደም የመርጋትን አደጋ ስለሚጨምር መቼ መብረር እንደሚችሉና መርፌ ያስፈልግዎ እንደሆነ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ፈርቼ ልተወው እያሰብኩ ነው። የእንቅልፍ ምርመራዬ ሌሊት ትንፋሼ እንደሚቆም አሳይቷል፤ 7 ኪሎም ቀንሻለሁ። ስድስት ወር የለፋሁት ከንቱ ሊቀር ነው?

መልስ፦ መፍራትዎ አያሳፍርም፤ እኔም በዋዜማው ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በሠለጠነ ማዕከል የሚሞተው ሰው ከሺህ አንድ ገደማ ቢሆንም፣ ያ አንድ ሰው የአንድ ቤት እናት ወይም አባት ነውና አደጋ የለውም አልልዎትም። ቀኑን ማዘግየት መብትዎ ነው። ስድስቱ ወር ግን ከንቱ አይደለም፤ ከክብደት ከ5 እስከ 10 በመቶ መቀነስ ብቻውን ስኳርንና ደም ግፊትን ያሻሽላል፤ 7 ኪሎ እንደቀነሱም ጽፈዋል። የሥነ ምግብ ቀጠሮዎን አይሰርዙ። የእንቅልፍ ምርመራውን ውጤትም ለመደበኛ ሐኪምዎ ይዘው ይሂዱ፤ ቀዶ ሕክምናው ቢቀር እንኳ ማሽኑ ከዛሬ ሌሊት ጀምሮ ያስፈልግዎታል።