ኤልደን ሪንግን ልተወው ወይስ ልታገሥ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ጅማ፣ ሂርማታ አካባቢ ነው። ኤልደን ሪንግ የተባለውን የቪዲዮ ጨዋታ ከጀመርኩ ሁለት ሳምንት ቢሆነኝም፣ መነሻው ላይ ያለው ፈረሰኛ ደጋግሞ ይገድለኛል። ከሥራ መልስ የማገኛት አንድ ሰዓት በንዴት እያለቀች ነው። ልተወው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ጨዋታውን አይተዉት፤ ፈረሰኛውን ግን ለጊዜው ይለፉት። ፍሮምሶፍትዌር የተባለው የጃፓን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው ይህ ጨዋታ፣ ወርቃማ ጥሩር የለበሰውን ባላንጣ ገና ከደጃፉ ያቆመው ዞሮ ማለፍም መንገድ መሆኑን ለማስተማር ይመስለኛል። ወደ ደቡብ ወርደው፣ ደረጃዎን ከፍ አድርገውና መሣሪያዎን አጠናክረው ሲመለሱ፣ የእርሱ ጉልበት እንደነበረ ስለሚጠብቅዎት ልዩነቱን በግልጽ ያዩታል። ሲሞቱ የሚጥሏቸው ሩኖች፣ ማለትም ጠላት ገድለው የሚሰበስቧቸው የደረጃ ማሳደጊያ ነጥቦች፣ በሞቱበት ቦታ ይቆያሉ፤ ሳያነሷቸው ዳግም ከሞቱ ግን ለዘለቄታው ይጠፋሉና፣ ለደረጃ የሚበቁ ሲሆኑ ወዲያውኑ የጸጋው ብርሃን በተባለው የጨዋታው ማረፊያ አጠገብ አርፈው ደረጃዎን ያሳድጉባቸው።

እኔ ጨዋታውን የወደድኩት፣ ቶረንት በተባለው ፈረስ ጀርባ ላይ ሆኜ ከማንም ሳልዋጋ የባሕሩን ዳርቻ ስዞር ባመሸሁበት ቀን ነው። እርስዎም ከሳምንቱ አንዱን ምሽት እንዲሁ ለመዞር ብቻ ይስጡት። ጨዋታው ሂደትዎን ራሱ በየጊዜው ስለሚመዘግብ፣ ሰዓትዎ ሲያልቅ ያለ ሥጋት መውጣት ይችላሉ።