ብረት ዝርያ አለው ወይ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። የኬሚስትሪ 2ኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። ከበሬሳ ወንዝ ውሃ ቀድቼ በውስጡ ያለውን ክሮሚየም የሚባል ብረት እያጠናሁ ነው። በወንዙ ዳር ለሚኖሩ ሰዎች 1 ገጽ የአማርኛ ጽሑፍ ማዘጋጀት ፈልጌ «የዱካ ብረቶችን ዝርያዎች መለየትና መለካት» ብዬ ጀመርኩ። እናቴ አንብባ «ብረት ደግሞ ዝርያ አለው?» አለችኝ። ምን ብዬ ልጻፈው?

መልስ፦ እናትዎ ልክ ናቸው። ዝርያ ከዘር ጋር የተያያዘ ቃል ነው። የሚወለድ ወይም የሚዘራ ነገር ነው ዝርያ ያለው። የመንዝ በግ ዝርያ ነው። ስንዴም ዝርያ አለው። ክሮሚየም ግን አይወልድም፣ አይዘራም። እንግሊዝኛው ለእንስሳና ለዕፅዋት ዝርያም ለክሮሚየሙም አንድ ቃል (species) ስለሚጠቀም እኛም ሳናስበው ተከትለነው ነው።

ታዲያ ምን እንበል? መጀመሪያ ነገሩን እንየው። ክሮሚየም በወንዝ ውሃ ውስጥ በዋናነት በ2 ሁኔታ ይገኛል። አንደኛው ክሮሚየም 3 ነው። ፋብሪካ ውስጥ ቆዳ የሚለፋው በእሱ ነው። ከደለልና ከጭቃ ጋር ቶሎ ይጣበቃል፤ ጉዳቱም አነስ ያለ ነው። ሁለተኛው ክሮሚየም 6 ነው። ይሄኛው ውሃው ውስጥ እንደሟሟ ርቆ ይሄዳል። መርዛማ ነው፣ ካንሰርም ያመጣል። ሁለቱም ያው ክሮሚየም ናቸው። የተለያየው የያዙት መልክ ነው።

ቃሉ መጣ ማለት ነው፦ መልክ። ዕርዳታ በእህል መልክ ይሰጣል። መድኃኒት በዱቄት መልክ ይሸጣል። ነገሩ ያው ሆኖ አኳኋኑ ሲለወጥ አማርኛ «በዚህ መልክ» ይላል። አዲስ ቃል መፍጠር አያስፈልግም። «ቅርጽ» የሚሉ አሉ፤ እኔ አልመርጠውም። ቅርጽ ሲባል ክብ ወይም ሹል የሆነ ነገር ነው ሰው አእምሮ ውስጥ የሚመጣው።

ከዝርያ ይበልጥ የሚያሳስበኝ «መለየት» ነው። ይህ ግስ 2 ሥራ ይሠራል። «ግልገሉን ከእናቱ ለየው» ሲባል ማራቅ ነው። «በስልክ ድምፁን ለየሁት» ሲባል ደግሞ ማወቅ ነው። እርስዎ «ክሮሚየም 6ን ለየን» ብለው ቢጽፉ አንዱ አንባቢ «ከሌላው አወጡት» ይላል። ሌላው «መኖሩን አወቁ» ይላል። በእርስዎ ሥራ እነዚህ 2 የተለያዩ እርምጃዎች ናቸው። ውሃው አዮን (የኤሌክትሪክ ቻርጅ ያለው ቅንጣት) በሚለውጥ ሙጫ ውስጥ ሲያልፍ ቻርጁ ፖዘቲቭ የሆነው ክሮሚየም 3 ይያዛል፤ ኔጌቲቭ የሆነው ክሮሚየም 6 ያልፋል። ይህ መነጠል ነው። ከዚያ ያለፈው ውሃ ላይ የሚጨመረው ኬሚካል ወይን ጠጅ ቀለም ይሰጠዋል። ክሮሚየም 6 በበዛ ቁጥር ቀለሙ ይደምቃል፤ መሣሪያው በብርሃን ያነበዋል። ይህ መለካት ነው። ስለዚህ «መለየት»ን ለማወቁ ይተዉት። ለማራቁ «መነጠል» ይበሉ። ከመንጋው የተነጠለ በግ ሲባል የማይገባው ሰው የለም።

«ማጣራት»ም ያው ጣጣ አለበት። ፖሊስም ያጣራል፣ ውሃ ልማትም ያጣራል። «ውሃውን አጣራነው» ካሉ አንዳንዱ ሰው ለመጠጥ የተዘጋጀ ይመስለዋል። ይህ ደግሞ አደገኛ ስህተት ነው። «0.45 ማይክሮሜትር ቀዳዳ ባለው ማጣሪያ አሳለፍነው» ብለው ይጻፉ፤ እዚያው «ይህ ውሃውን ለመጠጥ አያበቃውም» የሚል ይጨምሩበት። ደለሉ እንዲቀመጥ ብቻ ትተውት ከሆነ «አጠለልነው» ይበሉ። ጠላ የሚጠምቁ እናቶች ይህን ቃል አሳምረው ያውቁታል። አተላው ወደ ታች ሲወርድ ጠላው ጠለለ ይባላል።

«መለካት» ጥሩ ነው፣ አይንኩት። ጤፍ ይሰፈራል፣ ሥጋ ይመዘናል፣ እርስዎ የሚሠሩት ግን መለካት ነው።

«ዱካ» ያሉት መጠኑ እጅግ ጥቂት ነው ለማለት ነው፤ ቃሉን ግን ያውጡት። ዱካ አንድ ነገር አልፎ ሲሄድ የሚተወው ምልክት ነው፤ የጅብ ዱካ እንደምንለው። ክሮሚየሙ ግን አልሄደም፣ ውሃው ውስጥ አለ። በምትኩ «ኢምንት» ማለትም ደስ አይለኝም። ኢምንት ሲባል ሰው «እንዲያው ምንም አይደለም» ብሎ ያልፈዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የጠቅላላ ክሮሚየም ወሰን በ1 ሊትር 50 ማይክሮግራም ነው። 1 ማይክሮግራም የ1 ግራም ሚሊዮንኛ ነው። እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ነው እንግዲህ ወሰን የተበጀለት። ቁጥሩን ከነወሰኑ ያስቀምጡት፤ ቅጽል አያስፈልገውም።

«ብረቶች»ም ይቅሩ። ብረት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ማረሻና ምስማር ነው። ያጠኑት አንድ ነገር ከሆነ በስሙ ይጥሩት።

እኔ ብሆን እንዲህ እጀምረው ነበር፦ «ከበሬሳ ወንዝ ውሃ ቀድተን በውስጡ ያለውን ክሮሚየም በየመልኩ ነጥለን ለካን። በ1 ሊትር ውሃ ውስጥ ክሮሚየም 3 ይህን ያህል፣ ክሮሚየም 6 ይህን ያህል አገኘን።» ከመለጠፍዎ በፊት ግን አንድ ጊዜ ለእናትዎ ያንብቡላቸው። የሚያቆማቸው ቃል ካለ እሱን ይጻፉልኝ።