ባርት ዛሬም 10 ዓመቱ ነው

አንድ ወንድማችን በቡድናችን ላይ ያቀረበው ጥያቄ ይህ ነበር፦ «ለአዋቂዎች የሚሠሩት የአሜሪካ ካርቱን ኮሜዲዎች 20 እና 30 ዓመት እንዴት ይቆያሉ? ጥራታቸው በእርግጥ ወርዷል ወይስ ሰው በልማድ ነው የሚያማቸው? አዲስ ተመልካችስ ከየት ይጀምር?» ብዙዎቻችሁ በአንድ መስመር መልሳችሁለታል። እኔ ረዘም ባደርገው ቅር እንደማይላችሁ ተስፋ አለኝ። ጅማ መርካቶ ውስጥ ዲቪዲ ከማከራይበት ጊዜ ጀምሮ፣ አሁን ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ፍላሽ ላይ ፊልም እስከምጭንበት ድረስ፣ እነዚህን ካርቱኖች ማን እንደሚወስድና የትኛው ምዕራፍ ላይ ሲደርስ እንደሚሰለች ሳስተውል ኖሬአለሁ። ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

በእኔ እምነት የእነዚህ ሥራዎች ጸጋም ዕዳም አንድ ነው፤ የተሳለ ሰው አያረጅም። በዙሪያው ያለው ግን ሁሉ ያረጃል። ድምፁን የሚሰጠው ተዋናይ ያረጃል፣ ደራሲው ይደክማል፣ የሚፌዝበት ዘመን ያልፋል፣ ተመልካቹም አግብቶ ይወልዳል። ጥራቱን የጠበቀ ካርቱን ማለት ከእነዚህ መካከል የትኛው ይለወጥ፣ የትኛው ሳይነካ ይቆይ የሚለውን በደንብ የመረጠ ነው።

ስለ አንድ ቤተሰብ የሚተርከውን ዘ ሲምሰንስን እንመልከት። በ1987 በሌላ ዝግጅት መሐል የሚገባ አጭር ቁራጭ ነበር። በ1989 መጨረሻ ራሱን የቻለ የግማሽ ሰዓት ዝግጅት ሆነ። ልጁ ባርት ያን ጊዜም 10 ዓመቱ፣ እህቱ ሊሳ 8 ዓመቷ ነበር፤ ዛሬም እንዲሁ ናቸው። በ1991 የወጣ አንድ ክፍል ወላጆቻቸው ሆመርና ማርጅ በ1974 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሳሉ እንዴት እንደተዋደዱ ያሳያል። በጣም ጥሩ ክፍል ነው። በ2008 ግን ደራሲዎቹ የእነዚሁን ሰዎች ወጣትነት ወደ 1990ዎቹ አዛወሩት። ሂሳቡ ልክ ነው፤ በ2008 የ10 ዓመት ልጅ ያላቸው ወላጆች በ1974 ጎረምሶች ሊሆኑ አይችሉም። ነባሩ ተመልካች ግን ክፉኛ ተቆጣ። የወደደው ትዝታ ያለ ፈቃዱ ተወስዶበታልና አልፈርድበትም።

ከዚያ የባሰው የ1997ቱ ነው። የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ስኪነር በሌላ ሰው ስም ሲኖር የኖረ አስመሳይ ሆኖ ተገኘ። በክፍሉ መጨረሻ ዳኛው ነገሩ ሁሉ እንደ ነበረ እንዲቀጥልና ዳግመኛ ማንም እንዳያነሳው አዘዘ። ደራሲዎቹ በራሳቸው ላይ ማፌዛቸው ነበር። ቢሆንም የስኪነርን ድምፅ የሚሰጠው ሃሪ ሺረር ራሱ ክፍሉን በይፋ ነቅፎታል፤ ብዙ ተመልካችም የውድቀቱን መጀመሪያ ከዚህ ይቆጥራል። እኔ ጋ የሚመጡ ነባር ደንበኞች «ከሦስተኛው እስከ ስምንተኛው ምዕራፍ ብቻ ጫንልኝ» የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ይህ ክፍል የወጣው በዘጠነኛው ምዕራፍ ነው።

ታዲያ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይጣል? እዚህ ላይ ከብዙዎቻችሁ እለያለሁ። ቡና ያለው ሰው ያውቀዋል፤ ያረጀ የቡና ዛፍ ምርቱ ሲቀንስ ከመሬት ትንሽ ከፍ ብሎ ይጎነደልና ከጉቶው አዲስ ቀንበጥ ይወጣል። ሥሩ የድሮው ነው፤ ፍሬው ግን የሚለቀመው ከአዲሱ ቅርንጫፍ ነው። የሲምሰንስ የደራሲያን ቡድንም ደጋግሞ ተጎንድሏል። ዝግጅቱን በበላይነት የሚመራው ሰው መጀመሪያ አካባቢ በየሁለት ዓመቱ ገደማ ይቀየር ስለነበር እያንዳንዱ የራሱን ጣዕም ይዞ ይመጣ ነበር። ኮናን ኦብራየን እንኳን ታዋቂ የቴሌቪዥን አቅራቢ ከመሆኑ በፊት እዚያ ጸሐፊ ነበር፤ ከተማው የማይረባ ባቡር በጭፍን የሚገዛበትን የ1993 ክፍል የጻፈው እሱ ነው። ከ2001 በኋላ ግን አል ጂን የተባለው ሰው ወደ 20 ዓመት በኃላፊነት ቆየ። ሥራው የተስተካከለ ነበር፤ ችግሩም ይኸው መስተካከሉ ይመስለኛል። የሚያስደነግጥ ነገር ጠፋ። ማት ሴልማን ከ2021 ወዲህ አብዛኛውን ክፍል መምራት ሲጀምር ሆመርና ማርጅ በረዶ ውስጥ ራቁታቸውን ጠፍተው ትዳራቸውን መልሰው የሚያገኙበትን ዓይነት ክፍል አየን። በ2024 የወጣው «የባርት ልደት» ደግሞ የመጨረሻው ክፍል መስሎ ይጀምርና ባርት 11 ዓመት ሊሞላው ሲል አልሞላም ብሎ ይታገላል። ዕዳቸውን ራሱን ጨዋታ አደረጉት። እንደዚህ የሚያስብ ሥራ ሞቷል ማለት ይከብደኛል።

የአሠራሩ ፍጥነትም የራሱን ጣዕም ያመጣል። አንድ የሲምሰንስ ክፍል ከሐሳብ እስከ ስርጭት አብዛኛውን ዓመት ይፈጃል። ጽሑፉ ጠረጴዛ ዙሪያ ተነቦ፣ ያላሳቀው ቀልድ በጋራ እንደገና ተጽፎ፣ ሥዕሉ በብዛት ደቡብ ኮሪያ ተሠርቶ ነው የሚመለሰው። ስለዚህ የዛሬን ዜና ላሳድድ ቢል አይደርስበትም፤ ያለው አማራጭ ቤተሰብ ነው። ሥራውን እንዳያጣ የሚፈራ አባት፣ የምትታገሥ እናት፣ የማይሰማ ወንድ ልጅ፣ ማንም የማይረዳት ብልህ ሴት ልጅ። ይህን ለማጣጣም አሜሪካን ማወቅ አያስፈልግም፤ ቆጪ ሰፈር የሚያድግ ልጅም ይስቅበታል።

ሳውዝ ፓርክ ተቃራኒው ነው። በ1997 የጀመሩት ትሬይ ፓርከርና ማት ስቶን የመጀመሪያውን ክፍል ወረቀት እየቆረጡ ነበር የሠሩት፤ ከዚያ ወደ ኮምፒውተር ገቡ፤ መልኩን ግን ሆን ብለው የወረቀት ቁራጭ አስመስለው አቆዩት። ሥዕሉ ቀላል ስለሆነ አንድን ክፍል በስድስት ቀን ይጨርሳሉ። በ2013 የስቱዲዮው መብራት ጠፍቶባቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የስርጭት ቀን አመለጣቸው። ይህን ስሰማ፣ ፋይል ሊገለበጥ ጥቂት ሲቀረው መብራት ስንት ጊዜ እንደጠፋብኝ አስታውሼ ብቻዬን ሳቅሁ።

ጥድፊያው ሥራውን ትኩስ ያደርገዋል፤ ቶሎ የሚሻግተውም በዚያው ምክንያት ነው። እኔ ጋ በግልጽ ይታያል። ስለ አንድ የአሜሪካ ምርጫ ወይም ዝነኛ የተሠራን ክፍል የወሰደ ተማሪ በሳምንቱ መጥቶ «ይኼ ሰውዬ ማነው?» ይለኛል። ካርትማን የተባለው ተንኮለኛ ልጅ በሌላ ልጅ ላይ ቂም ይዞ እስከ መጨረሻው የሚበቀልበትን የ2001 ክፍል የወሰደ ግን «ሌላ እንደዚህ የለም?» ብሎ ይመለሳል። የሁለቱ ደራሲዎች አንድ የታወቀ መመሪያ አለ፦ ሁለት ትዕይንቶችን የሚያያይዛቸው «ከዚያም» ከሆነ ታሪኩ ደክሟል፤ «ስለዚህ» ወይም «ነገር ግን» ሊሆን ይገባል። በዜናው ትኩሳት ብቻ የቆሙትን ክፍሎች በዚህ ብትለኩአቸው ብዙዎቹ ይወድቃሉ። በዚያው በ2013 በዓመት ከ14 ክፍል ወደ 10 ዝቅ ማለታቸውም በእኔ ግምት ካደረጓቸው ብልህ ነገሮች አንዱ ነው። በ2002 አንድ ሙሉ ክፍል ሠርተው አንድ ገጸ ባሕርያቸው የሚያስበው ተንኮል ሁሉ በሲምሰንስ አስቀድሞ በመሠራቱ ያፌዙበታል፤ የሐሳብ እጥረት ከውጭ ሳይነገራቸው ራሳቸው ያዩት ነገር ነው።

ስለ ፋሚሊ ጋይ ብዙ አልልም፤ ብዙም አልወደውም። በ2002 ተቋርጦ በዲቪዲ ሽያጭና በድጋሚ ስርጭት ተወዳጅነት በ2005 መመለሱ ድንቅ ታሪክ ነው። ይሁን እንጂ በ2013 መገባደጃ ውሻውን ብራያንን ገድለው በሦስት ሳምንት ሲያስነሱት ሐዘኔን ማላገጫ ያደረጉት መስሎኝ ተውኩት። እዚህ የማይስማሙኝ እንዳሉ አውቃለሁ፤ ጻፉ፣ አነባለሁ።

የድምፅ ነገር ከሁሉም ከባድ ነው። ሥዕል እንደገና ይሳላል፤ ጉሮሮ ግን አይሳልም። ሲምሰንስ ተዋንያኑ ፊል ሃርትማን በ1998፣ ማርሻ ዋላስ በ2013 ሲሞቱ እነሱ ይጫወቷቸው የነበሩትን ገጸ ባሕርያት በሌላ ድምፅ ላለማስቀጠል ወሰነ። ሪክ ኤንድ ሞርቲ በ2023 የሁለቱንም ዋና ገጸ ባሕርያት ድምፅ የሚሰጠውን ሰው አሰናብቶ ሁለት አዲስ ተዋንያን ተካ። እኔ ጋ ብዙ ሰው ሳያውቀው አልፎታል። ሰውየውን ወይስ ድምፁን ነበር የምንወደው ብዬ እስከ ዛሬ አስባለሁ።

ሦስተኛ መንገድ የመረጡም አሉ። ኪንግ ኦፍ ዘ ሂል ከ1997 እስከ 2010 ታይቶ ቆመ፤ በ2025 ሲመለስ ሰዎቹን አሳድጎ ነው የመጣው። ባልና ሚስቱ ሃንክና ፔጊ ሳዑዲ አረቢያ ሠርተው የተመለሱ ጡረተኞች ናቸው፤ ያ ወፍራሙ ልጃቸው ቦቢ የምግብ ቤት ዋና አብሳይ የሆነ ወጣት ሆኗል። አገሩ ተለውጦ ያገኘው ተመላሽ ታሪክ እኛ ሰፈር ማብራሪያ አይፈልግም። ቦጃክ ሆርስማን ደግሞ በ2014 ጀምሮ በ2020 በ77 ክፍል ተጠናቀቀ። እዚያ አንድ ክፍል ላይ የተሰበረ ነገር በሚቀጥለው ክፍል ተጠግኖ አይገኝም፤ ገጸ ባሕርዩ ያደረሰው ጉዳት እስከ መጨረሻው ይከተለዋል። እንደዚህ ያለ ሥራ 30 ዓመት ሊቆይ አይችልም፤ ሸክሙ ይከብደዋል።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ከየት ልጀምር ላልከው፦ ከሲምሰንስ አራተኛውን ምዕራፍ ውሰድ፤ የባቡሩ ክፍል እዚያ አለ። ቀጥለህ ወደ 33ኛው ዝለልና የበረዶውን ክፍል እይ። መሐሉን ሁሉ በተራ ካላየሁ ብለህ ራስህን አታድክም፤ ታሪኩ ተያያዥ ስላልሆነ ምንም አያመልጥህም። ከሳውዝ ፓርክ ከአምስተኛው ምዕራፍ ጀምር። ኪንግ ኦፍ ዘ ሂልን ግን የድሮውን ጥቂት ሳታይ አዲሱን አትክፈት። ቦጃክን ከመጀመሪያው በተራ ነው የሚያዩት፤ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ክፍሎች ተራ ቀልድ ቢመስሉህም ታገሥ፤ ለፈተና ሰሞን ግን አይሆንም።

አንድ ነገር ላክል፤ ፍላሹን ቤት ስታስቀምጥ ታናናሾችህ ከማይደርሱበት ቦታ ይሁን። አንድ አባት «ካርቱን ነው» ብለው ለልጆቻቸው ሳውዝ ፓርክ ሊያስጭኑ መጥተው የመጀመሪያውን ደቂቃ እዚያው ከፍቼ ባላሳያቸው ኖሮ፣ ማታ ሱቄ ድረስ ተመልሰው የሚሉኝን አስቡት።