ኩበት፣ ገለባና የአረንጓዴ ኢኮኖሚው ስትራቴጂ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ከሰሜን ሸዋ ወረዳዎች የተላኩ ናቸው። ረዘም ያሉትን አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ (ከመንዝ ጌራ)፦ ስብሰባ ላይ «የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂው ከብት አየሩን ይበክላል ይላል» ሲባል ሰማን። ከብታችንን ሊያስቀንሱን ነው?

መልስ፦ በግድ የሚያስቀንስዎ የለም። ወሬው ግን ከመሬት ተነሥቶ የመጣ አይደለም። «ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ» የተባለው ስትራቴጂ በኅዳር 2004 ዓ.ም. ደርባን ላይ በተካሄደው የአየር ንብረት ጉባኤ ይፋ ሲሆን ስሌቱ ይህ ነበር፦ አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2010 የምትለቀው ሙቀት አማቂ ጋዝ ወደ 150 ሚሊዮን ቶን ነው፤ በዚያው አካሄድ ከተቀጠለ በ2030 ወደ 400 ሚሊዮን ቶን ይደርሳል፤ ስለዚህ ኢኮኖሚው ይደግ፣ ጋዙ ግን እዚያው 150 ሚሊዮን አካባቢ ይቁም። ከ2010ሩ ጋዝ ግማሹ የግብርና፣ 37 በመቶው የደን ምንጣሮና የማገዶ ነው። ከግብርናው ውስጥ ትልቁን ድርሻ የያዘው ከብት ነው። አረንጓዴ ኢኮኖሚ ሲባል በየፖስተሩ የፀሐይ ፓነልና የኤሌክትሪክ መኪና ብቻ መለጠፉ ሰውን የሚያሳስተው ለዚህ ነው፤ የሒሳቡ ክብደት ያለው በረትና ጓዳ ውስጥ ነው።

ከብት ሲያመሰኳ ሚቴን የተባለውን ሙቀት አማቂ ጋዝ ያገሳል። ደረቅ ገለባ ብቻ የሚበላ በሬ ለገበያ እስኪደርስ ዓመታት ስለሚፈጅ፣ በአንድ ኪሎ ሥጋ ሲሰላ የሚለቀው ጋዝ ብዙ ነው። ስትራቴጂው የሚለውም ከእያንዳንዱ ከብት የሚገኘው ወተትና ሥጋ ይጨምር፣ ቶሎ ደልቦ ይሸጥ፣ የዶሮ ድርሻ ይደግ ነው። እርስዎ ከዚህ ውስጥ ዛሬውኑ መጀመር የሚችሉት፣ ከብቱ በተሻለ እንዲፈጨው ገለባን በዩሪያ ማከም ነው።

ለ100 ኪሎ የገብስ ወይም የስንዴ ገለባ 4 ኪሎ ዩሪያ በ80 ሊትር ውኃ ይበጥብጡ፤ ገለባው በጣም ከደረቀ ውኃው እስከ 100 ሊትር ይሁን። ወርዱም ርዝመቱም ጥልቀቱም አንድ ሜትር የሆነ ጉድጓድ፣ በደንብ ከተረገጠ፣ ይህን ያህል ይይዛል። ውስጡን ላስቲክ ያልብሱት። ገለባውን በስንዝር ውፍረት እያነጠፉ፣ ብጥብጡን በእኩል እየረጩ ይርገጡ። ከላይ በላስቲክ ሸፍነው አፈር ይጫኑበት። ቆላ ላይ 3 ሳምንት ይበቃዋል፤ በመንዝ ብርድ ግን ከ4 ሳምንት በፊት አይክፈቱት።

ሲከፈት ዓይን የሚያቃጥል ሽታ ከሌለው ላስቲኩ ተቀዶ ከዩሪያው የሚወጣው ጋዝ (አሞኒያ) አምልጧል፤ ከሻገተ አየር ገብቶበታል፣ የሻገተውን ይጣሉት። ከማብላትዎ በፊት አውጥተው ሌሊቱን ያናፍሱት፤ መጀመሪያ ከሌላ መኖ ጋር ጥቂት ብቻ ይስጡ። ከ6 ወር በታች ላለ ጥጃ፣ ለፈረስ፣ ለበቅሎና ለአህያ አይሰጥም። የተበጠበጠውን ዩሪያ ከብት ከጠጣው ይገድለዋል፤ ስለዚህ ባልዲውን ለአፍታም ሜዳ ላይ አይተዉ።

ጥያቄ (ከባሶና ወራና)፦ 6 ሜትር ኩብ ባዮጋዝ አስገንብተናል። ሰኔ ላይ ደህና ይነድ ነበር፤ ከኅዳር ጀምሮ ግን ቡና ማፍላት እንኳ አቃተው። እበት ብንጨምርበት ባሰበት።

መልስ፦ ችግሩ ብርዱ ነው፤ ያባሰው ደግሞ ጭማሪው። ጋዙን የሚሠሩት ባክቴሪያዎች የሚመቻቸው ሙቀት ወደ 35 ዲግሪ ነው። ከ15 በታች ሥራቸው በጣም ይዳከማል፣ ከ10 በታች ሊቆም ይቃረባል። በደብረ ብርሃን ዙሪያ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው የሌሊት ውርጭ ምን እንደሚመስል ለእርስዎ አይነገርም። ባክቴሪያዎቹ በደከሙበት ሰዓት እበት ሲበዛባቸው ማብላያው (እበቱ የሚብላላበት ጉድጓድ) ይኮመጥጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚወጣው ጋዝ አብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚሆን አይነድም።

ለ10 ቀን ያህል ምንም አይጨምሩ። በደንብ ከሚሠራ የጎረቤት ባዮጋዝ ተረፈ ምርቱን ሁለት ሦስት ባልዲ ለምነው በማስገቢያው ይጨምሩ፤ በውስጡ ያሉት ሕያው ባክቴሪያዎች ማብላያውን ያስነሡታል። ነበልባሉ ሲመለስ በቀን 10 ኪሎ ጀምረው ቀስ በቀስ ያሳድጉ። ለ6 ሜትር ኩብ ሙሉው መጠን ከ35 እስከ 40 ኪሎ ትኩስ እበት ነው፣ ከእኩል ውኃ ጋር። በረት ያደረ አንድ የአገር ከብት ሌሊቱን የሚሰጠው ወደ 5 ኪሎ ገደማ ስለሆነ፣ ሁለት ላም ብቻ ላለው ቤት 6 ሜትር ኩብ መጀመሪያውኑ በዝቶበታል። እንዲህ ላለው ቤት ያነሰው ይሻላል።

ለብርዱ መላው ይህ ነው። እበቱን ጠዋት በቀዝቃዛ ውኃ ከመበጥበጥ ውኃውን በጥቁር ጄሪካን ፀሐይ ላይ አውለው ከሰዓት በኋላ ያስገቡ። ጉልላቱ ላይ ያለው አፈር ግማሽ ሜትር ያህል ይሁን፤ በላዩ ገለባ ይከመርበት፣ የኮምፖስት ክምሩም እዚያው ቢቀመጥ የሚሰጠው ሙቀት ቀላል አይደለም። ጭድ የተቀላቀለበት እበት ከላይ ቅርፊት ይሠራልና ጭዱን ይልቀሙት። የሳሙና እጣቢ ፈጽሞ አይግባ።

ነበልባሉ የሚርገበገብ ከሆነ ቱቦው ውስጥ ውኃ አለ፤ በማውጫው ያፍስሱት። መጋጠሚያዎቹን ደግሞ በሳሙና አረፋ ይቀቡና አረፋው ከተነፋ ያጥብቁ። ባዮጋዙ ውስጥ ያለው ሚቴን ሳይነድ ሲያመልጥ በመቶ ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ 28 እጥፍ ያሞቃል፤ የሚያፈስ ባዮጋዝ ካለው ሰው ይልቅ እበቱን ሜዳ ላይ የተወው አየሩን ያነሰ ጎድቷል።

እንጀራውን ከባዮጋዙ አይጠብቁ። የጋዙ አቅም ለወጥና ለቡና ነው፤ ለምጣድ ከሲሚንቶ የተሠራው ምርጥ ምድጃ አለ፣ በሦስት ጉልቻ ከመጋገር የማገዶውን ግማሽ ያህል ይቆጥባል። ቁርጥራጮቹ የሚገናኙበትን ቦታ በጭቃ ይድፈኑ። ሦስት አራት እንጀራ ለመጋገር ብቻ ማንደድ ግን ግድግዳውን ማሞቅ ነው የሚሆነው፤ የሳምንቱን በአንድ ጊዜ ይጋግሩ። ኩበት ከማንደድ የዳነው እበት ማሳው ላይ ሲወርድ ደግሞ የሚገዙት ማዳበሪያ ይቀንሳል።

ጥያቄ (ከአንኮበር)፦ በየክረምቱ የጽድና የኮሶ ችግኝ እንተክላለን፣ ጥር ሳይጋመስ ይደርቃል። ለምን?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ አራት ምክንያት አለው። ችግኙ ያደገበት ላስቲክ ሳይቀደድ ተተክሎ ሥሩ እዚያው ይጠቀለላል። ጉድጓዱ በተከላው ቀን ተቆፍሮ ጠባብ ይሆናል፤ ከወር በፊት 40 በ40 ሴንቲ ሜትር ቢቆፈር አፈሩ ይበሰብሳል፣ ውኃም ይይዛል። ተከላው ነሐሴ መጨረሻ ድረስ ይዘገይና ሥሩ ሳይወርድ ዝናቡ ያልቃል፤ ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ አፈሩ ጠግቦ ሲርስ ይትከሉ። አራተኛው ውርጩ ነው። በችግኙ ዙሪያ አንድ ክንድ ያህል ክብ ብቻ አርሙ፣ ከዚያ ውጭ ያለውን ረጅም ሣር ተዉለት፣ ይከልለዋል። ልቅ ግጦሽ ያለበት ቦታ ላይ ግን ይህ ሁሉ ልፋት ከንቱ ነው፤ መጀመሪያ አጥሩ ወይም የመንደሩ ስምምነት ይቅደም። ጥቁር አፈር ላይ ውኃ የሚቋጥር ከሆነ ጽድ አይትከሉ።

ጥያቄ (ከጣርማ በር)፦ ሩብ ሄክታር ባሕር ዛፍ አለኝ። «የካርቦን ገንዘብ አለ» ይሉኛል። እንዴት ላገኘው እችላለሁ?

መልስ፦ ብቻዎን አያገኙትም። የካርቦን ገንዘብ ማለት ደን ከአየር ለሚይዘው ካርቦን የሚከፈል ነው፤ ገዢው የሚከፍለውም ክፍያው ባይኖር ኖሮ ለማይበቅል ደን ነው፤ የእርስዎ ባሕር ዛፍ ደግሞ ለግንድ ሽያጭ የተተከለና በየጥቂት ዓመቱ የሚቆረጥ ነው። ልኬቱና የገለልተኛ አጣሪው ወጪም ከሩብ ሄክታር ገቢ በብዙ ይበልጣል። በአገራችን የታወቀው ምሳሌ የወላይታው ሁምቦ ነው፦ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ፣ 7 የገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የተመዘገበ፣ ገዢው በዓለም ባንክ በኩል የሚተዳደር ፈንድ። ተራራው ያገገመው በአብዛኛው ከነባሩ ጉቶ በሚያቆጠቁጠው ነው፤ ገንዘቡም የገባው ወደ ማኅበራቱ እንጂ ወደ ግለሰብ ኪስ አይደለም።

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ለዚህ የሚቀርበው የግል ባሕር ዛፍ ሳይሆን ወሰኑ የተለየ፣ ባለቤቱ የታወቀ፣ መተዳደሪያ ደንብ ያለው የወል ተራራ ነው። የመንዝ ሰው ጓሳ የተባለውን የወል የሣር መሬቱን ለዘመናት በራሱ ደንብ ሲጠብቅ ኖሯልና ለደንቡ ከሩቅ አስተማሪ አያስፈልገንም። ቀበሌዎ የተከለለ ተራራ ካለው በማኅበር ተደራጅታችሁ ወረዳውን ጠይቁ። «ለካርቦን ምዝገባ» ብሎ ቅድሚያ ክፍያ ለሚጠይቅዎ ደላላ ግን ሳንቲም አይስጡ። ባሕር ዛፉን በአጣናና በግንድ ዋጋ ይሽጡት።