ክዳኑ ሲነካ ብልጭ ድርግም የሚል ስክሪን፦ ፓነል ከመግዛትሽ በፊት

አብሽሪ እህቴ፣ ስክሪኑ ላይሞት ይችላል። እንደጻፍሽው ላፕቶፑ ኤችፒ 15 ነው፤ ክዳኑን ከፍ ዝቅ ስታደርጊው ብልጭ ድርግም ይላል፣ አንዳንዴ መልኩ ወደ ሮዝ ይሄዳል፣ አንድ ቦታ ላይ ሲያዝ ግን ይረጋል። ከኮምቦልቻ ደሴ ድረስ ወስደሽ ያሳየሽው ጥገና ቤት ደግሞ አንድ ብሎን ሳይፈታ «ፓነሉ ይቀየር» ብሎሻል፤ ፓነል የሚሉት ምስሉ የሚታይበትን የስክሪኑን ሰሌዳ ራሱን ነው።

በክዳን እንቅስቃሴ የሚመጣና የሚሄድ ብልጭታ መጀመሪያ የሚያስጠረጥረው ኬብሉን ነው። ከማዘርቦርዱ (ከዋናው የውስጥ ሰሌዳ) ተነስቶ በማጠፊያው በኩል ወደ ስክሪኑ የሚወጣ ቀጭን ኬብል አለ። ክዳኑ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር እሱም አብሮ ይታጠፋል፤ የኢርፎን ገመድ መሰኪያው አንገት ላይ እንደሚበጠስ ሁሉ ይሄም የሚጎዳው ማጠፊያው አጠገብ ነው። ዋጋው ከፓነል በጣም ያነሰ ነው። «ፓነል» የሚለው ቃል ከአንዳንድ ቤት ቶሎ የሚወጣውም ለዚሁ ሳይሆን አይቀርም። ስለዚህ ብር ከማውጣትሽ በፊት እነዚህን በተራ አድርጊ።

1. ዊንዶውስ ይሁን አይሁን ለዪ። አጥፍተሽ ስታበሪው ኢስኬፕን ደጋግመሽ ንኪ፣ ሜኑው ሲመጣ ኤፍ10 ብለሽ ባዮስ የሚባለውን፣ ዊንዶውስ ሳይነሳ የሚከፈተውን የላፕቶፑን ሴቲንግ ግቢ (ዴልና ኤሰር ላይ ኤፍ2 ነው)። እዚያ እያለሽ ክዳኑን ቀስ ብለሽ አንቀሳቅሺ። ብልጭታው እዚያም ካለ ዊንዶውስ ገና አልተነሳምና ነገሩ የሶፍትዌር አይደለም፤ «ፎርማት እናድርገው» የሚልሽን አትስሚ፣ ፋይልሽን በከንቱ ታጫለሽ። ባዮስ ላይ ረግቶ ዊንዶውስ ላይ ብቻ ከመጣ ግን ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭነሽ ታስክ ማናጀርን ክፈቺ። እሱም አብሮ ከተርገበገበ ጥፋቱ የግራፊክስ ድራይቨሩ፣ ማለትም ዊንዶውስ ምስል የሚያወጣበት ፕሮግራም ነው፤ በሞዴል ቁጥሩ ከኤችፒ ድረ ገጽ አውርደሽ እንደገና ጫኚው። ታስክ ማናጀሩ ረግቶ ሌላው ብቻ ከተርገበገበ የማይስማማ ፕሮግራም ተጭኗል ማለት ነው።

2. በኤችዲኤምአይ ገመድ ቴሌቪዥን ላይ ሰኪው። የላፕቶፑ ስክሪን እየተብለጨለጨ ቴሌቪዥኑ ከረጋ የግራፊክስ ቺፑ ደህና ነው፤ ችግሩ ከኬብሉ ወይም ከፓነሉ አያልፍም። ሁለቱም ላይ ከታየ ኬብልም ፓነልም አትግዢ፣ ጉዳዩ የድራይቨር ወይም የማዘርቦርድ ነው። ይሄን ሙከራ ፊት ለፊትሽ ለማድረግ ፈቃደኛ ያልሆነ ጥገና ቤት ካጋጠመሽ ላፕቶፑን ይዘሽ ውጪ።

3. የብልጭታውን ዓይነት አንብቢ። ነጭ ምስል ከፍተሽ ክዳኑን ከትንሽ ክፍተት እስከ መጨረሻው በዝግታ ውሰጂው። ክዳኑ የሆነ ክፍተት ላይ ሲደርስ ብቻ ከተበላሸ፣ መልኩ ከተቀየረ ወይም እንደ አሸዋ ከተበተነ ኬብሉ ነው። ቦታውን የማይለቅ ቀጥ ያለ ቋሚ መስመር ከሆነ ፓነሉ ነው፤ እዚያ ላይ ኬብል መቀየር ገንዘብ መጣል ነው። ስክሪኑ ጨልሞ በስልክ ባትሪ ስታበሪበት ምስሉ ደብዘዝ ብሎ ከታየ ደግሞ ምስሉ እየደረሰ የጠፋው የኋላ መብራቱ ነው።

ቻርጀር ሲሰካ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ክዳኑን ትተሽ ቻርጀሩን እዪ፦ የብዙዎቹ ኤችፒ 15 ቻርጀር ላይ 19.5 ቮልትና 2.31 ወይም 3.33 አምፔር ተጽፏል። መብራት በሚዋዥቅበት ሰፈር የቻርጀር ኮፒ ቶሎ ይጋለጣል። በባትሪ ሲሆን ብቻ ከመጣ የኢንቴል ግራፊክስ ሴቲንግ ውስጥ ፓነል ሰልፍ ሪፍሬሽ የሚለውን አጥፊ። ብርሃኑን ስትቀንሺ ብቻ ከሆነ ብዙ ጊዜ የመብራቱ አሠራር እንጂ ብልሽት አይደለም፤ ከፍ አድርጊው። ያንቺ ግን ከነዚህ አይመስለኝም።

ወደ ኬብሉ እንመለስ። ብዙ ጊዜ መቀየርም አያስፈልገውም፣ ነቅሎ መልሶ መሰካት ይበቃል። በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ በሰው በተጨናነቀ ሚኒባስ ቻርጀሩ ክዳኑ ላይ ተቀምጦ ሲመላለስ የከረመ ላፕቶፕ መሰኪያው ትንሽ ቢላቀቅ አይገርምም። እዚህ ጋ ግን ቀልድ የለም፦ ባትሪው ሳይነቀል የስክሪን ኬብል አይነካም። ማጥፋት ብቻውን አይበቃም። በዚያ ኬብል ውስጥ የኋላ መብራቱን የሚያበራው ከፍ ያለ ቮልት ከቀጫጭኖቹ የምስል መስመሮች ጎን ለጎን ይሄዳል። መሰኪያው አንድ ፒን ያህል ዘንበል ብሎ ከገባ ሾርት ያደርጋል፤ ማዘርቦርዱ ላይ ያለው የመብራት ፊውዝ ይቃጠላል፣ ከባሰ ፓነሉን ወይም ቺፑን ይዞ ይሄዳል። ጠዋት በርቶ ሲብለጨለጭ የነበረው ስክሪን ከሰዓት ጭራሽ ጨልሞ «አየሽ፣ ፓነሉ ነው ብዬሽ ነበር» የሚባለው አንዳንዴ በዚህ መንገድ ነው። ስለዚህ ባለሙያው ሲሠራ አጠገቡ ቁሚና ባትሪውን ሲነቅል በዓይንሽ እዪ። ቅር ካለው ይበለው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቻርጀሩ ይነቀል። በቀጭን ካቻቪቴ የታችኛው ክዳን ይፈታል፤ በአንዳንድ ኤችፒ 15 ሞዴሎች ከጎማ እግሮቹ ሥር የተደበቁ ብሎኖች አሉ፣ እነሱን ሳይፈታ የሚጎትት ሰው ፕላስቲኩን ይሰብራል። የባትሪው መሰኪያ ይነቀልና የማብሪያው ቁልፍ ለ15 ሰከንድ ያህል ተጭኖ ይቆይ፣ የቀረ ኃይል እንዲወጣ። ከዚያ የስክሪኑ ዙሪያ ፍሬም በጥፍር ወይም በፕላስቲክ ይላቀቃል፣ በብረት አይደለም። ከፓነሉ ጀርባ ወደ ታች በኩል ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስተር የተሸፈነው ሰፊ መሰኪያ እሱ ነው። ፕላስተሩ ይነሳ፣ የሽቦ መቆለፊያ ካለው ይገልበጥ፣ መሰኪያውም ከፓነሉ ጋር ትይዩ ሆኖ ወደ ኬብሉ አቅጣጫ ይንሸራተት። ወደ ላይ ከተጎተተ ፒኖቹን ይዞ ይነሳል። የጠቆረ ፒን ካለ በአይሶፕሮፒል አልኮል በረጠበ ለስላሳ ብሩሽ ተጠርጎ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። ሲመለስ ቀጥ ብሎ እስከ መጨረሻው ይግባ፣ ፕላስተሩም ይለጠፍ። የኬብሉ ሌላ ጫፍ ማዘርቦርዱ ላይ ነው፤ እሱም እንዲሁ ይደረግ። ባትሪው የሚመለሰው ሁለቱም ጫፎች ከተሰኩ በኋላ ነው።

እዚያው ላይ ማጠፊያውን እዪ። በነዚህ ላፕቶፖች ማጠፊያው ሲጠጥር ብሎኑ የገባበትን የነሐስ ቀለበት ከፕላስቲኩ ነቅሎ ይነሳና ኬብሉን ይቆነጥጠዋል። ክዳኑን ስትከፍቺ ጥግ ላይ ፕላስቲኩ የሚሰነጠቅ ወይም «ቀጭ» የሚል ከሆነ ይሄው ነው። ማጠፊያው ሳይስተካከል አዲስ ኬብል ማስገባት ዋጋ የለውም፣ እሱም ይቆረጣል።

ነቅሎ መሰካቱ ካልፈታው አዲስ ኬብል ግዢ፤ ግን «ለኤችፒ 15 የሚሆን» ብለሽ ብቻ አትጠይቂ፣ በዚህ ስም የሚጠሩት ሞዴሎች ብዙ ናቸውና። ኬብሉ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ብዙ ጊዜ በዲሲ02 ወይም በዲዲ የሚጀምር ቁጥር ታገኛለሽ፤ እሱን ፎቶ አንስተሽ ሂጂ። ያገለገለ ኬብል ከሌላ ላፕቶፕ ነቅሎ የሚሰጥሽ ካለ ማጠፊያው ጋ የሚታጠፈውን ክፍል በጣትሽ ዳስሺው፤ የተላጠ ወይም የደረቀ ከሆነ ተዪው።

ይሄ ሁሉ ተደርጎ ጥፋቱ በእርግጥ የፓነሉ ከሆነ ያኔም ቁጥሩ ከጀርባው ይነበብ። 15.6 ኢንች መሆኑ ብቻ አይበቃም፦ አሮጌዎቹ ባለ 40 ፒን ኤልቪዲኤስ፣ አዲሶቹ በአብዛኛው ባለ 30 ፒን ኢዲፒ የሚባል የመሰኪያ ዓይነት አላቸው፣ እርስ በርስ አይገጥሙም። ጎኑ ላይ የብሎን ጆሮ ያለውና የሌለውም ይለያያል። በላፕቶፕሽ ስም ሳይሆን በፓነሉ ቁጥር ግዢ፣ ክፍያውንም በርቶ ክዳኑ ከጫፍ ጫፍ ሲንቀሳቀስ ካየሽ በኋላ አድርጊው።