ፈረቃ፣ ኮንትራትና የተቀላቀለ ቡድን፦ ጠይቁኝ

ቃሊቲና ገላን አካባቢ ባሉ ፋብሪካዎች በሰው ኃይል ክፍል 14 ዓመት ሠርቻለሁ፤ ብስኩት ማሸጊያ፣ ልብስ ስፌት፣ ቀጥሎ መጋዘን። የዛሬው ጉዳያችን ይሄ ነው፦ ሠራተኛን በፈረቃ፣ በጊዜያዊ ኮንትራትና በሚቀያየር ሰዓት ማሠራት፣ ሴቱንም ወንዱንም፣ አካል ጉዳተኛውንም፣ ሃይማኖቱና ቋንቋው የሚለያየውንም አቅፎ ከመሥራት ጋር ይስማማል ወይስ ይጣላል? እስከ ማታ አለሁ፤ ጠይቁ።

ጥያቄ (አቃቂ፣ የማሸጊያ ክፍል ሱፐርቫይዘር)፦ ብዝኃነት የሚሉት ነገር ለውጭ ገዢ የሚዘጋጅ ወረቀት ነው። ከፈረቃ ጋር ምን አገናኘው?

መልስ፦ መጀመሪያ የሠራሁበት ቦታ ማሸጊያው ውስጥ 40 ያህል ሰው ነበር። አንዱ ወንድሙን፣ ወንድሙ ጎረቤቱን እያመጣ የተሞላ ክፍል ስለነበር ከሞላ ጎደል ሁሉም የአንድ ሰፈርና የአንድ ደብር ልጆች ናቸው። ሥራው ጥሩ ነበር፤ ሰውም ይዋደዳል። የፋሲካ ዋዜማ ሲደርስ ግን ለሌሊት ፈረቃ የተፈረመው ስም ስድስት ብቻ ሆነ። ምድጃውን አጥፍተን ወደ ቤታችን ሄድን። በሕዝብ በዓል ቀን የሚሠራ ሰው የሰዓት ክፍያውን ሁለት እጥፍ እንደሚያገኝ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጁ ይደነግጋል፤ እሱን ብንናገርም ማንም አልመጣም። ዶሮው ተሠርቶ፣ እናት እየጠበቀች ማን ይመጣል?

በኋላ ቅጥሩ ተቀላቀለ። በገናና በፋሲካ ለመግባት ፈቃደኛ የሚሆን ሙስሊም ሠራተኛ ተገኘ፤ በዒድ አልፈጥርና በአረፋ ደግሞ ክርስቲያኖቹ ተኩ። ዒድ በጨረቃ ስለሚወሰን ተተኪዎቹን ለሁለት ቀን ነበር የምንመዘግበው፤ ይሄንንም ያስተማሩን ሠራተኞቹ ናቸው። እንግዲህ ፈረቃን መቀያየር ያስቻለን የሰው መለያየት ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት ከሆነ ሁሉም የሚፈልገው ያንኑ ቀን ነው።

አንድ ስህተት ግን ሠርቻለሁ። ስም እያየሁ እመድብ ነበር። አንድ ልጅ መጥቶ «ገና በመጣ ቁጥር የምጠራው እኔ ነኝ፤ ጎረቤቶቼ እኮ ለበዓል ጠርተውኛል» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ግድግዳ ላይ ሰሌዳ ሰቅለን የፈለገ ራሱ እንዲጽፍ አደረግን።

ጥያቄ (ቱሉ ዲምቱ)፦ ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ሌሊት ግቢ እያሉኝ ነው። ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት አትመደቢም፤ ትርፍ ሰዓትም አያሠሩሽም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው፤ በጽሑፍ አሳያቸው።

ጥያቄ (ኮዬ ፈጬ፣ ልብስ ስፌት)፦ ከወሊድ ተመልሻለሁ። ሰርቪሱ የሚያልፈው ከጠዋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ልጄን የምታይልኝ ጎረቤቴ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በፊት አትቀበለኝም። ሰዓቴ ይቀየርልኝ ማለት መብት ነው ልመና?

መልስ፦ እህቴ፣ ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር መብትሽ ነው። ከዚያ በኋላ የመግቢያ ሰዓት መምረጥ በአዋጁ መብት ተብሎ አልተሰጠሽም፤ ስለዚህ ድርድር ነው። ለመደራደር ደግሞ የአለቃሽን ራስ ምታት ማወቅ አለብሽ።

የስፌት መስመር ሰንሰለት ነው። ኪስ የምትሰፋዋ ከቀረች እጅጌ የምትገጥመዋ እጇን አጣጥፋ ትቀመጣለች፤ ከኪስ በፊት ያለው ጨርቅ በቅርጫት ይከመራል፣ ከኪስ በኋላ ያለው ወንበር ይራባል። ሱፐርቫይዘሩ የሚፈራው የአንቺን መዘግየት አይደለም፤ ያንን ቅርጫት ነው። መድኃኒቱ ፍሎተር የምንላቸው ናቸው፤ ኪስም፣ አንገትም፣ እጅጌም መስፋት የሚችሉና የጎደለውን ወንበር የሚሞሉ። በየፋብሪካው ፍሎተር የሚሆነው ብዙ ጊዜ የሱፐርቫይዘሩ ወዳጅ ነው። እኛ ጋ ከወሊድ የተመለሱ አራት ሴቶችን ሦስት ሦስት ሥራ አሠልጥነን ከሁለት ሰዓት ጀምሮ እንዲገቡ አደረግን። መስመሩ አንድ ሰዓት ላይ ይጀምራል፤ ሁለት ሰዓት ላይ የቀረው ሰው ማን እንደሆነ ይታወቃል፤ እነሱ ሲደርሱ ቀጥታ ወደ ባዶው ወንበር ይሄዳሉ። አርፍደው የገቡ መስሎን የነበሩት ሴቶች ልክ በሚፈለጉበት ሰዓት ነበር የሚደርሱት።

ስለዚህ «ልጅ አለኝ» ብለሽ ብቻ አትሂጂ። ካንቺ ጋር ተመሳሳይ ችግር ያላቸውን ሁለት ሦስት ሴቶች ይዘሽ፣ ማን ምን ምን መስፋት እንደሚችል ጽፈሽ ሂጂ።

ጥያቄ (ለገጣፎ፣ የዳቦ ቤት ባለቤት)፦ እኔ ያሉኝ ስድስት ሠራተኞች ናቸው። ይሄ ሁሉ ለትልቅ ድርጅት አይደል?

መልስ፦ ለእርስዎ ይብሳል እንጂ አይቀልም። ከስድስት አንዱ ሲቀር የጋጋሪው ሥራ ሁሉ ይቆማል። ሻጯ ሊጥ ማቡካት ትልመድ፣ ጋጋሪው ሒሳብ መያዝ ይልመድ። ሌላ ወረቀት አያስፈልግዎትም።

ጥያቄ (ቃሊቲ፣ ጽዳት)፦ በሠራተኛ አቅራቢ ኤጀንሲ ነው የገባሁት፤ ሦስት ዓመቴ ነው። ከቋሚዎቹ ጋር ሰርቪስ አንሳፈርም፣ ካፌም አንገባም። ድርጅቱ ግን «60 በመቶ ሠራተኞቻችን ሴቶች ናቸው» የሚል ባነር በሩ ላይ ሰቅሏል።

መልስ፦ ይሄ ጥያቄ እኔንም ይነካኛል። አንድ ቦታ ስሠራ የኤጀንሲ ሠራተኛ መታወቂያውን በቀይ ገመድ፣ ቋሚው በሰማያዊ ያንጠለጥል ነበር። ቀይ ካፌ አይገባም። ያንን መመሪያ የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ ምክንያቴም የምሳ ድጎማው የማን ወጪ ነው የሚል የሒሳብ ጉዳይ ነበር። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ከመስኮት ሳይ ሰማያዊው ገመድ በአብዛኛው ወንድ፣ ቀዩ በአብዛኛው ሴት፤ ዱላ ይዞ የሚሄደው አንዱ ልጅም ቀይ። ብዝኃነታችን በሙሉ ውጭ፣ ግንቡ ሥር ቁጭ ብሎ ሳህኑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይበላል።

ተለዋዋጭ ቅጥር የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። በሩን ይከፍታል፤ በር ላይ ግን ያስቀራል። ስለዚህ የአንድን ድርጅት ባነር ከማንበብሽ በፊት ጠይቂ፦ ከጊዜያዊ ወደ ቋሚ ባለፈው ዓመት ስንት ሰው ተሻገረ? ከእነሱ ሴት ስንት ናት?

በሕግ በኩል፦ ውሉን የፈረምሽው ከኤጀንሲው ጋር ስለሆነ ዓመት ፈቃድሽንና ደመወዝሽን የምትጠይቂው እሱን ነው። ውል ደግሞ በመርሕ ደረጃ ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል፤ ለተወሰነ ጊዜ የሚሆነው አዋጁ በዘረዘራቸው ምክንያቶች ነው፤ የቀረ ሠራተኛን መተካት፣ ወቅታዊ ሥራ፣ ድንገት የበዛ ሥራና የመሳሰሉት። በየቀኑ የሚጠረግ ወለል ወቅታዊ ሥራ ነው ብሎ የሚያሳምነኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም። ውልሽን ይዘሽ የሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ የሚመለከተውን የክፍለ ከተማችሁን ቢሮ አማክሪ።

ጥያቄ (ጀሞ)፦ መስማት የተሳናት እህቴ ስፌት ተምራለች፤ የትም ስትሄድ «ደወል አትሰማም» ይሏታል።

መልስ፦ ደወሉን በመብራት መቀየር ነው። ከጣሪያው ላይ አንድ ቀይ አምፖል ሰቅለን ጨረስን፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው የሥራ ቦታውን ለአካል ጉዳተኛ ምቹ እንዲያደርግ ያስገድደዋል።

ከአምፖሉ የከበደኝ ሌላ ነገር ነው። ሦስት መስማት የተሳናቸው ልጆች ነበሩን። ፈረቃው በየሳምንቱ ሲዞር ኮምፒውተሩ በሦስት ቦታ በታተናቸው። ሁለት ወር ሳይሞላ አንዷ ለቀቀች። ለካ ስምንት ሰዓት ሙሉ በእጇ የሚያወራት ሰው አልነበረም። ከዚያ በኋላ እንደ ጥንድ እየቆጠርን አንድ ላይ አዞርናቸው፤ ሱፐርቫይዘሯም «ደክሞሻል?»ን እና «ቆይ»ን በምልክት ተማረች። እህትሽ ሥራ ስታገኝ በዚያ ፈረቃ ላይ ምልክት ቋንቋ የሚያውቅ ሌላ ሰው መኖሩን ጠይቂላት።

ጥያቄ (ገላን)፦ ዓርብ ለጁምዓ ረዘም ያለ ሰዓት ብንጠይቅ ሥራ ይጎዳል ይሉናል።

መልስ፦ መደበኛው ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። የሥራው ጠባይ ሲፈልግ የአንዱን ቀን ሰዓት አሳጥሮ ለሌሎቹ ማከፋፈል ይፈቀዳል፤ ሌላው ቀን ከሁለት ሰዓት በላይ እስካልረዘመ ድረስ። ዓርብን በአራት ሰዓት ብታሳጥሩ ለቀሩት አምስት ቀናት 48 ደቂቃ ይደርሳል። እኛ የሞከርነው በሁለት ሰዓት ነበር፤ በቀን 24 ደቂቃ። ያስገረመኝ ነገር፣ ዓርብ ከሰዓት ነፃ መሆኑን ከሁሉ በላይ የወደዱት የማታ ተማሪዎቹ ነበሩ፤ ለሙስሊሞች ብለን ነበር የጀመርነው።

ጥያቄ (ገላን፣ ሌላ)፦ እኛ የአካባቢው የገበሬ ልጆች ጭነት ለማውረድ ብቻ ነው የምንጠራው።

መልስ፦ ማስታወቂያው በአማርኛ ብቻ ከተለጠፈና በር ላይ ያለው ጥበቃ አፋን ኦሮሞ ካልተናገረ ሌላ ውጤት አይጠበቅም። እኛ ጋ ፎርክሊፍት ከሚነዱት ሁለቱ በቀን ሠራተኝነት የጀመሩ ናቸው፤ ግን ስማቸውን መዝግቦ ሲሠሩ ያያቸው ሰው ስለነበረ ነው። የቀን ሠራተኛ መዝገብ በየማታው የሚጣል ከሆነ ማንም አይታይም።

ጥያቄ (ሰበታ፣ አዲስ ሥራ አስኪያጅ)፦ ነገ ጠዋት ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከመቅረት መዝገብ። የሦስት ወሩን አውጣና ማን፣ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት እንደቀረ አንብብ። ሰኞ ጠዋት የሚቀሩት አንድ ዓይነት ሰዎች ከሆኑ ጉዳዩ ስንፍና ላይሆን ይችላል። እኔ ጋ የሰኞ ቀሪዎቹ ሁሉ በአንድ ሰርቪስ መስመር የሚመጡ ሆነው ተገኙ፤ ሹፌሩ ሰኞ ሰኞ አንድ ፌርማታ ይዘል ነበር።