«ራስን ማወቅ» የሚለውን ክፍል ልዝለለው?

ከሐዋሳ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ መልእክትሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሶሺዮሎጂ ከተመረቅሽ ሦስት ዓመት ሆኖሻል። በአንድ አገር በቀል ድርጅት ውስጥ የሴቶች ቁጠባ ቡድኖችን ትከታተያለሽ። አሁን የሦስት ወር ስልጠና አግኝተሻል። ቡድን ማወያየት፣ ግጭት መፍታትና ራስን ማወቅ የሚባሉ ክፍሎች አሉት። ሥራ ያስገኛል ወይ? ያለኝን ሥራ ለቅቄ ልግባበት ወይ? ሦስተኛው ክፍል ወሬ ስለሚመስለኝ ለሁለቱ ብቻ ብከፍልስ? ብለሽ ጠይቀሻል።

ከመጨረሻው ልጀምር። ከሦስቱ አንዱን ብቻ ምረጪ ብትባዪ፣ ሦስተኛውን ውሰጂ እልሽ ነበር።

ለምን እንደዚህ እንደምል ከራሴ ላጫውትሽ። ምክር መስጠት ከመጀመሬ በፊት እኔም እንዳንቺ መስክ እወጣ ነበር። አንድ ቀን የውሃ ኮሚቴ ስብሰባ እመራለሁ። ሠላሳ የሚሆን ሰው ዋርካ ሥር ተቀምጧል። አንድ ወጣት ተነስቶ የተዋጣው ገንዘብ የት እንደገባ ጠየቀ። ሳይጨርስ አንድ አዛውንት «አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ!» ብለው አቋረጡት። ፊቴ ጋለ። ማርከሬን እንደጨበጥኩ «አባባ፣ እባክዎ ወደ አጀንዳችን እንመለስ» አልኳቸው። ቃሉ ጨዋ ነው፤ ድምፄ ግን ቁጣ ነበር። አዛውንቱ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ዝም አሉ። ወጣቱም ተቀመጠ። ከኋላ የነበሩት ሴቶች አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ በኋላ ያቀረብኩት ሁሉ በጭብጨባ ጸደቀ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ባልደረባዬ ቀስ ብሎ «ዛሬ የተናደደው ማን ነበር?» አለኝ። «ሽማግሌው ናቸዋ» አልኩት። ምንም አልመለሰም፤ ዝም ብሎ አየኝ። ትንሽ ቆይቶ ገባኝ። እኔ ባደግኩበት ቤት ልጅ ትልቅ ሰው ፊት አይጠይቅም ነበር። ያን ቀን ለሳቸው ሳይሆን ለአጎቴ ነው የመለስኩት። የገንዘቡ ጥያቄ ግን እዚያው ዋርካው ሥር ተቀብሮ ቀረ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ወንበር በክብ መደርደር፣ ሰዓት መያዝ፣ ቡድን መከፋፈል፣ ፍሊፕ ቻርት ላይ በትልቁ መጻፍ፣ ይሄ ሁሉ በሁለት ቀን ይለመዳል። ቤቱ ሲጋጋል በገዛ ልብሽ የሚሆነውን ማየት ነው ጊዜ የሚፈጀው።

የዚህ ስልጠና ታሪክም የሚለው ይህንኑ ነው። ከናዚ ጀርመን ሸሽቶ አሜሪካ የገባው የሥነ ልቦና ሊቅ ኩርት ሌዊን፣ እ.ኤ.አ. በ1946 ኮነቲከት ግዛት ውስጥ ለማኅበረሰብ ሠራተኞች ስልጠና አዘጋጅቶ ነበር። ጉዳዩ የዘርና የሃይማኖት አድልዎ ነው። ቀን ቀን ሰልጣኞቹ ይወያያሉ፤ ታዛቢዎች ይመዘግባሉ። ማታ ደግሞ አሰልጣኞቹና ታዛቢዎቹ ለብቻቸው ተሰብስበው የቀኑን ይገመግማሉ። አንድ ምሽት ጥቂት ሰልጣኞች «እኛም እንስማ» ብለው ገቡ። አንዷ ስለ ራሷ የተመዘገበውን ስትሰማ አልተዋጠላትም፤ ነገሩ እንደዚያ አልነበረም ብላ ተከራከረች። ክርክሩ ከቀኑ ትምህርት በላይ አስተማራቸው። ሌሎቹም ማታ ማታ መምጣት ጀመሩ። በቀጣዩ ዓመት ሜይን ግዛት ውስጥ ቤተል በምትባል ትንሽ ከተማ፣ በዚሁ ሐሳብ ላይ የቆመ የማሰልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። ሌዊን ግን ይህን ሳያይ በዚያው በ1947 የካቲት ላይ አረፈ።

ያቺ ሴት መጽሐፍ አንብባ አይደለም ራሷን ያየችው። ሌላ ሰው ያየባትን ፊት ለፊት ሰምታ ነው። እኔም መኪና ውስጥ የደረሰብኝ እሱ ነው። ስለዚህ «ራስን ማወቅ» የተባለው ክፍል ዓይን ጨፍኖ መተንፈስ ብቻ ከሆነ፣ ወሬ መሰለኝ ማለትሽ ልክ ነው። ሰልጣኝ ሰልጣኝን አይቶ ያየውን የሚናገርበት ከሆነ ግን ገንዘብሽን ይበላዋል ብለሽ አትስጊ።

እኛ ዘንድ ደግሞ ይሉኝታ አለ። ሰው ስብሰባ ላይ እሺ ይላል፤ የሆዱን የሚያወራው ሻይ ዕረፍት ላይ ነው። አንቺም ራስሽ ይሉኝታ አለብሽ። ትልቅ ሰው ሲናገር ሰዓት መቁረጥ ይከብድሻል፤ ልጅ እግሯ ስትናገር ግን አይከብድሽም። ማንን እንደምትፈሪ ካላወቅሽ፣ ሳታስቢው ለምትፈሪው ሰው ትሠሪያለሽ።

ግጭት መፍታትን በተመለከተ ባዶ እጅሽን አይደለሽም። ሽምግልና እያየሽ ነው ያደግሽው። ልዩነቱ ሽማግሌ ይመክራል፣ ይገስጻል፣ ካሳ ይቆርጣል፤ አወያይ ግን አይፈርድም። ቁጠባ ቡድንሽ ውስጥ አንዷ «ቅጣት አልከፍልም» ብትል፣ ሌላዋ «ሕግ ነው ትክፈል» ብትል፣ ሁለቱም አቋም ነው። ምን እንዳሰጋቸው ብትጠይቂ የመጀመሪያዋ «ልጄ ታሞብኝ ነው የዘገየሁት፣ ማንም አልጠየቀኝም» ልትል ትችላለች። ሁለተኛዋ የቸገራት ገንዘቡ እንዳይበተን ይሆናል። እዚያ ከደረስሽ መንገድ አለ። ስልጠናው ይህን ደጋግሞ ካላለማመደሽ ግጭት መፍታት አላስተማረሽም።

ወደ ሥራው ልምጣ። «ፋሲሊቴተር» (አወያይ) ተብሎ የሚወጣ ቋሚ ቅጥር እምብዛም አላይም። ሙያው በሌላ ሥራ ውስጥ ነው የሚኖረው፤ በፕሮጀክት፣ በሰው ኃይል፣ በማኅበራዊ ሥራ፣ በሰላም ግንባታ ውስጥ። በር ግን እየተከፈተ ነው። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234 ፍርድ ቤት መር አስማሚነትን፣ ማለትም ተከራካሪዎች ከፍርድ በፊት በአስማሚ በኩል ለመስማማት የሚሞክሩበትን አሠራር፣ አስገብቷል። በዚያው ዓመት አዋጅ ቁጥር 1237 የግልግል ዳኝነትንና የዕርቅን አሠራር ደነገገ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የአገራዊ ምክክር ኮሚሽን በአዋጅ ቁጥር 1265 ተቋቋመ። ይህ ሁሉ ሰው ማወያየትና ማስማማት የሚችል ሰው ይፈልጋል። ወደ ጥናቱ ከሳበሽ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሰላምና ደኅንነት ጥናት ኢንስቲትዩት አለው፤ ማስተርስ ስታስቢ ተመልከቺው።

ሥራሽን ግን አትልቀቂ። ሌላው ሰው ልምምድ ፍለጋ የሚንከራተትበትን ነገር አንቺ በየሳምንቱ እጅሽ ላይ ይዘሻል። ስልጠናው የቅዳሜ ወይም የማታ ፕሮግራም ካለው ያንን ያዢ።

ከመክፈልሽ በፊት ደውለሽ ጠይቂ። በአንድ ዙር ስንት ሰው ነው? እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ቆሜ አወያያለሁ? ካወያየሁ በኋላ ማን ነው አስተያየት የሚሰጠኝ? አርባ ሰው ተቀምጦ ስላይድ የሚያይ ከሆነ ተዪው። ሌላም አለ፣ ይህን ችላ እንዳትዪ። ውስጥን የሚነካ ስልጠና ቁስል ሊቀሰቅስ ይችላል። «መናገር ካልፈለግኩ ማለፍ ይቻላል ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። አይቻልም ካሉሽ፣ ወይም ያለሽን ምስጢር አውጪ ብለው የሚጫኑሽ ከሆነ፣ የከፈልሽውም ይቅርና ውጪ። ሰውን ሳያስገድዱ ማናገር የማይችሉ ሰዎች ማወያየትን ሊያስተምሩሽ አይችሉም።

ሲቪሽ ላይ «ጥሩ የማወያየት ክህሎት አለኝ» ብለሽ አትጻፊ። ስንት ቡድን እንደመራሽ፣ ስንት አባል እንደነበራቸው፣ የትኛው ጠብ በምን እንዳለቀ ጻፊ። እኔ እንደ ቀጣሪ ብሆን ከሰርተፍኬቱ በፊት የማነበው ያንን ነው።

የሚቀጥለው የቁጠባ ስብሰባ ሐሙስ ነው ብለሻል። አንዲት ባልደረባሽን ለምኚና ጥግ ላይ ትቀመጥልሽ። ማን እንደተናገረ፣ ማንን እንዳቋረጥሽ፣ ድምፅሽ መቼ እንደተለወጠ ትመዝግብ። ስትጨርሱ ቡና ይዛችሁ ተቀመጡና ታንብብልሽ። አንቺ አታቋርጫት፤ ደብተርሽ ላይ ብቻ ጻፊ። ሦስት ሐሙስ እንዲህ አድርጊና የጻፍሽውን ላኪልኝ። የትኛው ስልጠና እንደሚያስፈልግሽ ያኔ አብረን እናያለን።